ከእሳት በኋላ፦ በግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጉዳት እንዴት ይታወቃል?

የቤት ቃጠሎ ጠፍቶ ጢሱ ሲበተን፣ ነዋሪዎች በቅድሚያ የሚያስተውሉት የጠቆረውን ግድግዳና የረገፈውን ኮርኒስ ነው። አስቀድሞ መመርመር ያለበት ግን ለዓይን የማይታየው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ነበልባል ባልደረሰበት ክፍል ያለ ሽቦም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አምፖል መብራቱ ብቻውን የመስመሩን ደኅንነት አያረጋግጥም።

በአፍሪካ ቀንድ ከተሞች በርካታ ቤቶችና ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የሐርጌሳውን ዋሂን ገበያ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራን ያወደሙት ቃጠሎዎች በእንዲህ ያለ ስፍራ እሳት ምን ያህል እንደሚዛመት አሳይተዋል። በተጎዳ ሽቦ ሳቢያ ዳግም የሚነሳ እሳትም ለጎረቤት ይተርፋል።

ሽቦ እንዴት ይጎዳል?

በአብዛኞቹ ቤቶች የሚዘረጋው የመዳብ ሽቦ ፒቪሲ በተባለ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። የተለመደው ሽፋን ለዘለቄታው የሚቋቋመው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ሲሆን፣ መዳብ ግን የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሽቦው ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ሳያቆም ሽፋኑ ሊሳሳ ወይም ደርቆ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተራቆቱ ሽቦዎች ሲነካኩ በተለምዶ «ኮንታክት» የሚባለው አደጋ ይከሰታል።

ጢስና ውሃም ጉዳት ያደርሳሉ። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲዋሃድ መዳብን የሚበላ አሲድ ይሆናል። እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውሃም በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦዎች ተጉዞ በሽቦ ማገናኛ ሣጥኖች ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። እንዲህ ያለው ዝገት ቀስ በቀስ የሚሠራ በመሆኑ፣ ችግሩ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

ከምርመራው በፊት

ነዋሪዎች ወደ ቤቱ ከመግባታቸው በፊት ኃይል መቋረጡን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወይም የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ማረጋገጥ አለባቸው። በእርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ማከፋፈያ ሣጥን መንካት ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ጄኔሬተርና ባትሪም መለያየት ይኖርባቸዋል፤ የፀሐይ ኃይል ፓኔል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን አያቆምም። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ የግቢ ተከራዮች በሙሉ መስመሩ ሳይመረመር እንዳይከፈት ሊነገራቸው ይገባል።

ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ በቀን ብርሃን የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ የቀለጠ ወይም የተጣመመ ሶኬት፣ በማብሪያ ማጥፊያ ዙሪያ ያለ ጥቀርሻ፣ አረንጓዴ ዝገት እንዲሁም የፕላስቲክ ቃጠሎ ሽታ። እነዚህን ፎቶ አንስቶ ለባለሙያ ማሳየት ይጠቅማል። ሣጥኖችን መክፈት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

የባለሙያው ፍተሻ

ባለሙያው የሽቦ ሽፋንን ጥንካሬ የሚለካው በተለምዶ «ሜገር» በሚባል መሣሪያ ነው። በአካባቢው አገራት የቤት መስመሮች ከ220 እስከ 240 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን፣ ለእነዚህ ፍተሻው የሚካሄደው በ500 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት መሠረት ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም። ከልኬቱ በፊት ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና ሌሎች መሣሪያዎች ይነቀላሉ፤ አለበለዚያ ሊበላሹ ወይም ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ጥሩ ውጤት ብቻውን አያስተማምንም። የተሰነጠቀ ሽፋን በደረቅ ቀን ፍተሻውን አልፎ በዝናብ ወቅት ሊከዳ ይችላል። በመሆኑም ባለሙያው ቃጠሎው ከነበረበት ቦታ ጀምሮ ሽፋኑ ጤነኛ እስከሆነበት ድረስ ሽቦውን በዓይኑ ማየት ይኖርበታል።

ምን ይቀየራል?

በሙቀት የተጎዳ ሽቦን በፕላስተር ጠቅልሎ መተው አደጋውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም። የተጎዳው ክፍል ከአንዱ ማገናኛ እስከ ቀጣዩ በሙሉ ይቀየራል። ሙቀት ወይም ውሃ ያገኛቸው ብሬከሮችም ተጠርገው ሳይሆን በአዲስ ተተክተው ነው ሥራ የሚጀምሩት። በዚሁ አጋጣሚ 30 ሚሊአምፔር የኃይል ማፍሰስ ሲኖር መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ማስገጠም ሰውን ከንዝረት ለመጠበቅ ይረዳል።

ኃይሉ ሲመለስ እያንዳንዱ መስመር በተራ ይከፈታል። ነዋሪው የተለካውን ውጤትና የተቀየሩትን ክፍሎች በጽሑፍ መቀበል ይኖርበታል። ገንዘብ ካጠረም ያልተፈተሸውን መስመር ከማከፋፈያው አስለይቶ በአንድ በተረጋገጠ ክፍል ብቻ መጠቀም፣ ቤቱን በሙሉ በግምት ከማብራት ይሻላል።