በባትሪ መጋዝ የዛፍ ቅርንጫፍ ገረዛ

የዛፍ ቅርንጫፍ ገረዛ የደረቀ፣ የታመመ፣ የተሰበረ ወይም ያለቦታው ያደገ ቅርንጫፍን ከዛፍ ላይ ቆርጦ ማንሳት ነው። ለዚህ ሥራ ገጀራ፣ መጥረቢያና የእጅ መጋዝ ሲያገለግሉ ኖረዋል። አሁን ደግሞ በሊቲየም-አዮን ባትሪ የሚሠሩ ገመድ አልባ መጋዞች ተስፋፍተዋል። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቀው ባለ ሰንሰለቱ ነው። ቤንዚን አይፈልግም (የሰንሰለት ዘይት ግን ይፈልጋል)፣ ጭስ የለውም፣ ድምፁም ዝቅተኛ ነው።

አደጋዎቹ

ይኸው ጸጥታ ግን ያዘናጋል። የቤንዚን መጋዝ ሞተሩ መነሳቱን በጩኸቱ ያስታውቃል፤ የባትሪው መጋዝ ዝም ብሎ ቆይቶ ማስነሻው ሲጫን ወዲያው ይዞራል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ከማጥበቅ ወይም የተሰነቀረ ስንጥር ከማውጣት በፊት ባትሪውን መንቀል ግድ ነው።

ሌላው አደጋ መጋዙ ወደ ሠራተኛው መፈናጠሩ ነው። የመጋዙ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትና ወደ አንገት ይወረወራል። በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ፣ በጫፉ አለመቁረጥና ከትከሻ በላይ አለማንሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ትንንሾቹ የአንድ እጅ መጋዞች ቀላል ቢመስሉም ነጻው እጅ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ እንዲይዝ ያባብላሉ፤ ያ እጅ ከሰንሰለቱ መንገድ መራቅ አለበት። ከአውራ ጣት የቀጠነ ቅርንጫፍ በሰንሰለቱ ተይዞ ስለሚገረፍ በገረዛ መቀስ ቢቆረጥ ይሻላል።

መሰላል ላይ ቆሞ በሰንሰለት መጋዝ መቁረጥ አይገባም። የሚወድቀው ቅርንጫፍ ተወዛውዞ መሰላሉን ሊመታ ይችላል። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ደግሞ ለባለሙያ የሚተው ነው፤ እርጥብ እንጨትም ሆነ የመጋዙ የብረት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መነጽር፣ ጓንት፣ የራስ ቁርና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋሉ።

ሦስቱ ቁርጦች

ከባድ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ሳያልቅ በክብደቱ ይሰበርና የግንዱን ቅርፊት እየላጠ ይወርዳል። ይህን ለማስቀረት መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ የቅርንጫፉ ውፍረት ሩብ ያህል ይቆረጣል። ከዚህ ካለፈ ቅርንጫፉ ተጫኖ መጋዙን ይይዘዋል። ሁለተኛው ቁርጥ ከመጀመሪያው ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል፣ አጭር ቁራጭ ብቻ ይቀራል። ሦስተኛው ቁርጥ ይህን ቁራጭ ያነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ አበጥ ያለ ቀለበት አለው፤ የቅርንጫፍ አንገት ይባላል። ቁርጡ ከአንገቱ ውጭ ተጠግቶ እንጂ ከግንዱ ጋር ተስተካክሎ አይደረግም። ረጅም ቁራጭ መተውም መበስበስን ይጋብዛል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ (1930–2006) ብዙ ዛፎችን በሰንሰለት መጋዝ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ሲመረምር፣ ዛፍ ቁስሉን እንደ እንስሳ እንደማያድን፣ ይልቁንም የተጎዳውን እንጨት አጥሮ በአዲስ እንጨት እንደሚሸፍን አሳይቷል። የዚህ አጥር ዋና ክፍል የሚሠራው በአንገቱ አካባቢ ስለሆነ አንገቱን መቁረጥ ለመበስበስ በር ይከፍታል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም መበስበስን አያስቀርም። ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ሲታለፍ ግን ባትሪውን ነቅሎ ሰንሰለቱን ከሰጋቱራ ማጽዳትና በአልኮል መጥረግ ይጠቅማል።