ከአቡጀዲ እስከ ቦንዳ

ባለፈው ሐምሌ፣ ናይሮቢ እንደ ልማዷ ስትበርድ፣ ከጊኮምባ አንድ ቦንዳ የልጆች ሹራብ ገዛሁ። ቦንዳ ገዝታችሁ ለማታውቁ፦ 45 ኪሎ የሚመዝን፣ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ጥቅል ነው፤ ከመክፈላችሁ በፊት አይፈታም። ላዩ ላይ የተጻፈውንና የሻጩን ፊት አይታችሁ ትከፍላላችሁ፣ የቀረው የዕድል ነገር ነው። ኢስሊ ሱቄ ወስጄ ስፈታው ላይ ላዩ መልካም ነበር። መሀሉ ጋ ስደርስ ግን ክንዱ የተተረተረ፣ ቀለም የተደፋበት፣ ታጥቦ ታጥቦ የተንጨፈረረ ሆነ። የማይሸጠውን ለይቼ በበርበሬ ሚዛኔ መዘንኩት፤ 14 ኪሎ።

አንድ ጋሪ የሚገፋ ልጅ በ200 ሽልንግ ወሰደልኝ። የት እንደሚጥለው ስጠይቀው በአገጩ ወደ ወንዙ በኩል አመለከተኝ። መልሼ አልጠራሁትም፤ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆማ ነበር። ነገሩ ግን ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ ይህ ልብስ እንዴት እዚህ ደረሰ ብዬ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እናቴ ቤት ልብስ የሚጣል ነገር አልነበረም። ጥጡን ራሷ በእንዝርት ፈትላ ለሸማኔ ትሰጣለች። ጋቢው ተሠርቶ ሲመጣ መጀመሪያ የክት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሰርግ፣ ለለቅሶ። ሲቆይ የዘወትር ይሆናል። ከዚያ የመኝታ፣ ከዚያ የልጅ ማዘያ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ። የመጨረሻዋ ብጣሽ የኩራዝ ክር ሆና ትነዳለች። አንድ ጋቢ አሥራ አምስት ዓመት ያገለግል ነበር ብል አላጋነንኩም። ልጆቼን «የክት ልብስሽ የቱ ነው?» ብላቸው ቃሉን አያውቁትም፤ ቢያውቁትም የሚከቱት የላቸውም፣ ሁሉም አንድ ወቅት የሚለበስ ነው።

ርካሽ የውጭ ጨርቅ ግን የዛሬ እንግዳ አይደለም። አሜሪካ ከዛንዚባሩ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ጋር በ1833 የንግድ ውል ተፈራረመች። ከማሳቹሴትስ ሴለም ወደብ የተነሡ መርከቦች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ አራግፈው የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሱ ነበር። ስዋሂሊው ጨርቁን በመጣበት አገር ስም «መሪካኒ» አለው። እኛ ዘንድ በቀይ ባሕር በኩል የገባው ዓይነት «አቡጀዲ» ተባለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጃፓን አቡጀዲ በርካሽነቱ የአሜሪካኑን ከኢትዮጵያ ገበያ ገፍቶ አወጣው። ቻይና ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቻይና ነበር ማለት ነው። ሸማኔው ያኔም ተጎድቷል። ይሁንና አቡጀዲ አዲስ ነበር፣ ጥጥም ነበር፤ የገዛው ሰው እስኪያልቅ ለብሶት፣ ሲያልቅ አፈር ይበላው ነበር።

ከዚያ የፋብሪካው ዘመን መጣ። የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቋመ። እዚህ ኬንያም ኪሱሙ ላይ ኪኮሚ፣ ኤልዶሬት ላይ ሪቫቴክስ ነበሩ። በምዕራብ ኬንያ ያሉ ገበሬዎች ጥጥ ያመርታሉ፣ ፋብሪካው ይፈትላል፣ ይሸምናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኬንያ ገበያዋን ክፍት ስታደርግ ሚቱምባ፣ ማለትም የኛ ሰልባጅ፣ እንደ ጎርፍ ገባ። ሚቱምባ የሚለው ቃል ራሱ በስዋሂሊ ጥቅሎች ማለት ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ጥፋቱን ሁሉ በቦንዳው ላይ መጫን ግን አይገባም፤ ውድ መብራት፣ መጥፎ አስተዳደርና ገንዘቡ በጊዜ ያልተከፈለው የጥጥ ገበሬም አሉበት። ሪቫቴክስን በ2007 ሞይ ዩኒቨርሲቲ ገዛው፣ በ2019ም ታድሶ ተመረቀ።

ታሪኩ እኛን ነጋዴዎችን በቀጥታ የነካው በ2016 ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች ያገለገለ ልብስ ማስገባትን እስከ 2019 ድረስ ደረጃ በደረጃ ሊያቆሙ ተስማሙ። በዓመቱ የአሜሪካ የአሮጌ ልብስ ነጋዴዎች ማኅበር አቤት አለ። ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው አጎዋ እንዳይቀርባት ኬንያ ቶሎ ወደኋላ አለች። ሩዋንዳ ግን በኪሎ 20 ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 አድርሳ በአቋሟ ጸናች፤ በ2018 ለልብስ ምርቶቿ የነበራት የአጎዋ ዕድል ታገደ። አሮጌ ልብሳችንን ካልገዛችሁ አዲስ ልብሳችሁን በነፃ አናስገባም እንደማለት ነው። እኔ በዲፕሎማ ትምህርቴ «ነፃ ገበያ» ሲባል የተማርኩት ሌላ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰልባጅ ማስገባት ክልክል ነው። ክልክል መሆኑን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። (እኔ ሞያሌን አላሻግርም፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማ አመጣለሁ፣ ቦንዳውን እዚሁ እሸጣለሁ። አትሳቁ!) የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመርቆ ለአሜሪካ ገበያ ሸሚዝ ሲሰፋ ቆየ፣ በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ እስክትወጣ ድረስ። ሐዋሳ ተሰፍቶ አሜሪካ አንድ ዓመት ተለብሶ የተጣለ ሸሚዝ በቦንዳ ጊኮምባ ባገኝ አልገረምም።

አሁን ወደ 14 ኪሎዬ ልመለስ። በ2019 ወደ ኬንያ የገባው ያገለገለ ልብስ 185 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። ጊኮምባ ቦንዳ ሲፈታ መጀመሪያ የሚመረጠው ምርጡ «ካሜራ» ይባላል፤ መጨረሻ ላይ በወለል የሚቀረው «ፋጊያ»፣ ጥረግ ማለት ነው። በ2023 ቼንጂንግ ማርኬትስና ክሊን አፕ ኬንያ የተባሉ ድርጅቶች ባወጡት ዘገባ፣ ከሚገባው ከሦስት ልብስ ከአንድ በላይ የሚሆነው ፕላስቲክ ያለበትና ወዲያው ቆሻሻ የሚሆን ነው አሉ። የሚቱምባ ነጋዴዎች ማኅበር አልተቀበለውም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ቆሻሻ የሚያስገባ ነጋዴ የለም ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ወገን የራሱ ጉዳይ አለው። የኔ ሚዛን ግን ከ45ቱ 14 ነው ያለው፣ ለአንዷ ቦንዳ።

ፕላስቲክ ያለበት ሲባል ለብዙዎቻችን ግልጽ አይደለም። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ነው፤ ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የልብስ ክር ከግማሽ በላይ እሱ ነው። የእናቴ ጋቢ እንደሚበሰብሰው አይበሰብስም። የናይሮቢ ወንዝ ዳር ያሉ ኦቾሎኒ ቆዪዎች ፋጊያውን እንደ ማገዶ ያነዱታል፤ ጭሱ የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል። ወንዝ ያልገባው፣ እሳት ያልበላው ዳንዶራ ይሄዳል። የዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ በ1975 ተከፈተ፣ በ2001 ሞልቷል ተባለ፤ እስከ ዛሬም ይጣልበታል።

ይህቺው ኬንያ በነሐሴ 2017 ፌስታልን የከለከለች፣ ላመረተና ለተጠቀመም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ያወጀች አገር ናት። አስታውሳለሁ፣ ከሞያሌ ስመጣ ሽሮዬን ከፌስታል አውጥቼ በጨርቅ ከረጢት ገልብጫለሁ። (ኢትዮጵያም ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ያጸደቀችው በ2017 ነው፤ በኛው 2017!) ሽሮ የያዘ ፌስታል ሕገ ወጥ ነው፣ 45 ኪሎ የፖሊስተር ሹራብ ግን ሞምባሳ ላይ ቀረጡን ከፍሎ ያልፋል።

እኛም ራሳችንን ነፃ አናውጣ። የሽሮ ሜዳ ቀሚስ የሚገዙኝ እህቶች ድሮ «ስንት ዓመት ይቆያል?» ይሉኝ ነበር። አሁን «ለቅዳሜው ሰርግ ይደርሳል?» ነው ጥያቄው፤ ለአንድ ፎቶ የተለበሰ ለሌላ ፎቶ አይደገምም። ስለዚህ ጥበቡ በማሽን የታተመበትን ርካሹን ይመርጣሉ። እኔም አቀርባለሁ፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ ታቀርባለች። በእጅ የተሠራውን የሚጠይቁኝ በዓመት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ማታ ሒሳቤን ስዘጋ የጣልኩትን 14 ኪሎ ወጪ በቀሪዎቹ ሹራቦች ላይ አከፋፈልኩት። በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሽልንግ ጨመርኩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ «ማማ፣ እዚያ ማዶ ይረክሳል» ብላኝ ሄደች፤ ዋጋውን መልሼ ቀነስኩት። ደብተሬ ላይ የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ማስወገጃ፣ 200 ሽልንግ። ልጁን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት፤ ዘንድሮ 300 ሆኗል አለኝ።