ልጅ ከልጅ ሲማር፦ የኅብረተሰብና የእኩዮች ድርሻ በትምህርት ታሪካችን

በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ከመርካቶ ጋር በቅርብ የተሳሰረ፣ ከጉራጌ፣ ከስልጤና ከሌሎችም የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ቤተሰቦች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተጎራብተው የሚኖሩበት አካባቢ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚያድግ ሕፃን ዕውቀትን የሚቀስመው ከመምህሩ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን፣ የገበያውን ሂሳብና ሰውን የማክበር ሥርዐት አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከታላላቆቹና ከእኩዮቹ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር የለም። ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ የእኩዮች ርዳታ መቼ ትምህርት ይሆናል፣ መቼስ ባክኖ ይቀራል የሚለው ነው። የትምህርት ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለ።

በቄስ ትምህርት ቤት አንድ የኔታ ደረጃቸው የተለያየ ብዙ ልጆችን ባንድነት ያስተምራሉ። ፊደል የሚቆጥረው፣ አቡጊዳ የደረሰው፣ መልእክተ ዮሐንስ የሚያነበውና ዳዊት የሚደግመው ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ይህ ሊሆን የቻለው ቀድሞ የተማረው ለኋለኛው ስለሚያስቆጥር ነው። በቁርኣን ቤትም ሥርዐቱ ይመሳሰላል፤ በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የሚያጠናውን ጀማሪ ወደ ፊት የገፋው ልጅ ያስቀራዋል። በሁለቱም ዘንድ ግን የመጨረሻውን የሚሰማውና የሚያርመው መምህሩ ራሱ ነው። ኅብረተሰቡም የቆሎ ተማሪውንና ደረሳውን በመመገብ፣ መምህሩን በመደገፍ የትምህርቱ ተካፋይ ነበር። ይህ ሲባል ጉድለቱን መሸፈን አይገባም። ትምህርቱ በቃል ጥናት ላይ ያተኮረ፣ ቅጣቱ የበረታ፣ የሴቶች ልጆችም ድርሻ አነስተኛ ነበር።

ተመሳሳይ አሠራር በሌላው ዓለምም ተሞክሯል። አንድሩ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ ልጆች ልጆችን እንዲያስተምሩ ያደረገበትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1797 በጽሑፍ አወጣ፤ ጆሴፍ ላንካስተርም በ1798 በለንደን ትምህርት ቤት ከፍቶ ዘዴውን አስፋፋ። ዘዴው በብዙ አገሮች ከተዛመተ በኋላ የደከመው፣ መምህሩ ከልጆቹ እየራቀ ሥራው ሁሉ እንደ መኪና በትእዛዝ ብቻ የሚሽከረከር በመሆኑ ነው።

በአገራችን ዘመናዊው ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አዲስ የዕውቀት በር መከፈቱ አያጠራጥርም። ትምህርቱ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ልጆች በክፍል ተለያዩ፤ ፈተናውም የየግል ሆነ። በቄስ ትምህርት ቤት ጓደኛን መርዳት ግዴታ ሲሆን፣ በፈተና ክፍል ማስኮረጅ ተባለ። ጥፋቱን መከልከል ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከጥፋቱ ጋር መረዳዳቱም አብሮ ተጣለ። መረዳዳቱ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ቀጠለ። ከገጠር መጥቶ ሊስትሮ የሆነው ልጅ ከእርሱ ቀድሞ ከመጣው የአገሩ ልጅ ሥራውንም ከተማውንም ተማረ፤ ብዙዎችም በማታ ትምህርት ገፉ።

የተጣለውን እንደገና ያነሣው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበር። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ በከተሞች በ1967ቱ ዐዋጅ የተቋቋሙት ቀበሌዎች የሥራው መናኸሪያ ሆኑ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የእናቱን እኩዮች ፊደል አስቆጠረ። ሥራው በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ለሽልማት በቃ። የውጤቱ ምክንያት ስሜት ብቻ አልነበረም፤ የተወሰነ ሰዓት፣ የታወቀ ቦታ፣ የተዘጋጀ መጽሐፍና ኀላፊነት የተሰጠው አካል ነበረ። ጦርነቱ እየበረታ ድርጅቱም እየላላ ሲሄድ ግን ዘመቻው ደከመ፤ ማንበብ ከቻሉትም መካከል የሚያነቡት በማጣት የረሱት ነበሩ።

ዘመቻው በተጀመረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በለንደን ልጅ ለልጅ የተሰኘው እንቅስቃሴ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ የታተመው የሩሲያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ የቪጎትስኪ ሥራም ሕፃን ብቻውን የማይደርስበትን በሚበልጠው ጓደኛ ርዳታ እንደሚደርስበት ለብዙ መምህራን አሳወቀ። ይኸው ዘዴ በዩኒሴፍ ድጋፍ በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ በዚህም ከፍ ያሉ ተማሪዎች አንደኛ ክፍል ያልገቡ ሕፃናትን በመምህር ተቆጣጣሪነት በጨዋታ ያዘጋጃሉ። የኔታ ያውቁት የነበረው ነገር በአዲስ ስም ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የእኩዮች ትምህርት በራሱ የሚበቅል አለመሆኑን ነው። ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ያፈራል፤ እነዚህም ለትልቁ ልጅ ተለይቶ የተሰጠ ሥራ፣ ኅብረተሰቡ የሚሰጠው ቦታና ድጋፍ፣ መጨረሻ ላይ ሰምቶ የሚያርም መምህር ናቸው። አንዱ ሲጎድል ትልቁ ልጅ አለንጋ ያዥ፣ ትንሹም ተላላኪ ይሆናል። በኮልፌ ቀራንዮም ሆነ በሌላ ሰፈር ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ የመማሪያ ክፍሎችን ከመቍጠር አልፎ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹ የት እንደሚውሉ፣ ማን እንደሚያስጠናቸው፣ የትኛው እድር አዳራሹን ሊፈቅድ እንደሚችል መጠየቅ ይኖርበታል። መምህሩም የሚረዳዱትን ከሚኮራረጁት ለይቶ ማወቅና ለመረዳዳቱ ሰዓት መመደብ ይገባዋል። ይህ ካልሆነ ሰፈሩ ልጆቹን ማስተማሩ አይቀርም፤ የሚያስተምራቸው ምን እንደሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ ይቀራል።