ኡስማር ኢስማኢል

ኡስማር ኢስማኢል (እ.ኤ.አ. 1921–1971) የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ ሲኒማ አባት ተብሎ የሚታወቅ የፊልም ዳይሬክተር፣ ፕሮዲዩሰርና ጸሐፊ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1921 በምዕራብ ሱማትራ፣ ቡኪቲንጊ ከተማ ተወለደ። በጃፓን ወረራ ዘመን «ማያ» የተባለውን የቴአትር ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በነፃነት ትግሉ ወቅት በጋዜጠኝነት ሠርቷል።

የመጀመሪያ ፊልሞቹን በ1949 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ አዘጋጀ። በ1950 ፔርፊኒ የተባለውን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ የሲሊዋንጊ ክፍለ ጦርን ረጅም ጉዞ የሚተርከውን «ዳራህ ዳን ዶአ» (ደምና ጸሎት) ሠራ። የዚህ ፊልም ቀረጻ የተጀመረበት መጋቢት 30 በኢንዶኔዥያ የብሔራዊ ፊልም ቀን ሆኖ ይከበራል።

በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብን ካጠና በኋላ የሠራው «ሌዋት ጃም ማላም» (ከሰዓት እላፊ በኋላ፣ 1954) ከነፃነት ማግሥት በሙስና የተከዳ የቀድሞ ታጋይ ታሪክ ነው፤ ታድሶ በ2012 በካን ፌስቲቫል ታይቷል። «ቲጋ ዳራ» (ሦስቱ ልጃገረዶች፣ 1957) የተሰኘው ሙዚቃዊ ፊልሙ በተመልካች ዘንድ ከፍተኛ ተወዳጅነት አገኘ። በ1955 ከአስሩል ሳኒ ጋር ብሔራዊ የቴአትር አካዳሚ መሠረተ።

የኡስማር ሥራዎች አዲስ የተመሠረተችውን አገር ማኅበራዊ ችግሮች በእውነታዊ ስልት በማሳየት ይታወቃሉ። ጥር 2 ቀን 1971 በጃካርታ አረፈ፤ በ2021 የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ ተሰጥቶታል።