በክፉ ቀን የገዛኋቸው ሁለት ፍየሎች

የድንበር ነጋዴዎች፣ ዛሬ ስለ ታሪክ ልጽፍ ነው፤ መነሻዬ ግን የራሴ የሂሳብ ደብተር ነው። ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለምታነቡኝ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ሜይ 2020 በሚለው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለ፦ ሁለት ሴት ፍየሎች፣ በግማሽ ዋጋ። የሸጡልኝ ለዓመታት ወተት ሲያመጡልኝ የኖሩ የቦረና እናት ናቸው። እኔ «አኮ» እላቸዋለሁ፣ አያቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ ይሉኛል።

ያንን ሰሞን ታስታውሱታላችሁ። ኢትዮጵያና ኬንያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያስታወቁት በአንድ ቀን፣ ማርች 13 ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሯን ለሰው ዘግታ ለጭነት ብቻ ክፍት አደረገች። ኤፕሪል 6 ደግሞ ወደ ናይሮቢ መግባትና ከናይሮቢ መውጣት ታገደ፤ እዚያም ጭነት ይለፍ ተባለ። የአኮ ጭነት ግን አንድ ጀሪካን ወተት ነው። ለጀሪካን የይለፍ ወረቀት የሚሰጥ አልነበረም። የጭነት መኪና ሲያልፍ የእሳቸው ወተት ቤት አድሮ ይበላሽ ነበር። የከብት ገበያውም ተዘጋ። በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ ሣሩን እየጨረሰ ነበር።

ዱቄት ሲያልቅባቸው ፍየሎቹን እየነዱ መጡ። ዋጋ ጠራሁ፤ አልተከራከሩኝም። ቦረና ገበያ ላይ ሳይከራከር እንደማይሸጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዝም ማለታቸው ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ትርፉን አስልቼ ጻፍኩ። ኮሜርስ ስማር በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ ነውር ነው ያለኝ አስተማሪ አልነበረም።

ነገሩ የቆየ ታሪክ እንዳለው የገባኝ በኋላ ነው።

በ1887 የጣሊያን ጦር ለስንቁ ከህንድ ያስመጣቸው ከብቶች ምጽዋ ወደብ ላይ ወረዱ። አብሯቸው በአማርኛ «ደስታ» የምንለው የከብት ወረርሽኝ ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደጨረሰ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ከ1888 እስከ 1892 ያለውን ጊዜ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚተርኩት ለዚህ ነው።

እኛ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ የደጋውን ታሪክ ነው። በሽታው ግን ደጋ ላይ አልቆመም። ወደ ቆላው ወርዶ ቦረናን መታ፣ የማሳይን አገር አዳረሰ፣ በ1890ዎቹ መገባደጃ ላይ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በነጋዴ ዓይን ስናየው ወረርሽኙ የመጣው በጭነት ነው፤ የአንድ ጦር የስንቅ ግዢ አመጣው። አርብቶ አደሩ በግዢው ውስጥ እጁ አልነበረበትም። ዕዳውን ግን እሱ ከፈለ።

ዕዳው ደግሞ በከብት ብቻ አላበቃም። ማሳዮች በከብት እልቂቱ፣ በፈንጣጣና በረሃብ ተዳክመው ሳለ እንግሊዞች ደረሱ። ሰውና ከብት የሳሳበትን ግጦሽ አይተው ባዶ መሬት ነው አሉ። በ1904 በተፈረመ ውል ማሳዮች ከስምጥ ሸለቆው ለምለም ግጦሽ ተነሥተው መሬቱ ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ። በ1911 በሌላ ውል ቀድሞ ከተተወላቸው ከላይኪፒያም ተነሡ። አሁን ወደዚያ አገር ስንወርድ በመኪና መስኮት የምናየው የታጠረ እርሻ ሥሩ እዚያ ድረስ ይሄዳል። በሽታው ከብቱን ወሰደ፤ መሬቱን ግን ሰው ነው የወሰደው።

ይህ ነገር በእኛም ዘመን አልቀረም። በኬንያ የማው ጫካ ኗሪ የሆኑት ኦጊየኮች በማርና በአደን የኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። ጫካውን ለመጠበቅ በሚል ብዙ ጊዜ እንዲለቁ ተደርገዋል። በሜይ 2017 የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደላቸው። ሆኖም በ2020፣ «ቤታችሁ ቆዩ» በሚባልበት በኮሮና ዘመን፣ የኦጊየክ ቤቶች ፈረሱ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው የት ይቆይ? ፍርድ ቤቱ በጁን 2022 ካሣ ይከፈላቸው፣ መሬታቸውም በስማቸው ይመዝገብላቸው ብሎ ወስኗል። ጫካውን ለዘመናት ይዘው ያቆዩትን ሰዎች አስወጥቶ ጫካ መጠበቅ ምን ዓይነት ሂሳብ እንደሆነ አይገባኝም።

ታዲያ ቦረና ከደስታ በሽታ በኋላ እንዴት ተነሣ? አንዱ መልስ ቡሳ ጎኖፋ የሚሉት ሥርዓት ነው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ችግሩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል። ጉባኤው ይመክርና ያለው ከመንጋው ያወጣለታል፤ የተሰጠውም ሰው መልሶ ቤት ይሆናል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ግዴታ ነው። ዛሬ የሰጠው ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላል። ውሃውም ቢሆን ሥርዓት አለው። የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዝ «አባ ሄሬጋ» አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደምንለው ነው።

ይህን ሥርዓት እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። በማርች 2018 ሞያሌ ታምሳ በሺዎች ሆነን ወደ ኬንያ ስንሸሽ ልጆቼ ሦስት ቀን የጠጡት ወተት የአኮ ዘመዶች ወተት ነበር። ዋጋውን ብጠይቅ ሳቁብኝ። ያ ወተት ደብተሬ ላይ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጻፉት ፍየሎች ብቻ ናቸው ያሉት።

ድንበሩም ራሱ ታሪክ አለው። አጼ ምኒልክና እንግሊዞች በዲሴምበር 6፣ 1907 አዲስ አበባ ላይ ይህንን መስመር ሲስማሙ፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ግጦሽ የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው፣ ወደ ውሃ ጉድጓዶችም በነጻ እንዲደርሱ በውሉ ላይ አስገብተዋል። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች እንኳ ከብት ያለ ውሃ እንደማይኖር አውቀው ነበር። በ2020 መስመሩ ሲዘጋ ጭነት ታሰበ፤ ግጦሹን፣ ጉድጓዱንና ጀሪካኑን ግን አብዛኛው ሰው አላነሣቸውም። እኛም ነጋዴዎቹ ስለ መኪናችን ስንጮህ ስለ እነሱ አልጮህንም።

የደስታ በሽታ መጨረሻውም ልብ ሊባል ይገባዋል። በአፋር በረሃ የመንግሥት ሐኪምና ማቀዝቀዣ የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነበር። በ1990ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘና ከራሳቸው ከአፋሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መንጋውን ተከትለው ከተቡ። በሽታው ከአገራችን የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ወረርሽኙን ያመጣው የሩቅ ሰው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያባረሩት ግን መንጋውንና መንገዱን የሚያውቁት ናቸው። ሥራውን፣ መድኃኒቱንና አመኔታውን ሲሰጧቸው ሠሩት።

ወደ አኮ ልመለስ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። በቦረና መንጋው በየመንገዱ ወደቀ። በኮሮና ጊዜ እናት እናቱን የሸጠ ሰው ለድርቁ የሚበቃ መንጋ አልነበረውም። ያኔ ነው ሂሳቡ የበራልኝ። ሴት ፍየል ዘር ናት፤ አኮ የሸጡልኝ ዋናቸውን፣ ካፒታላቸውን ነው። እኔ ደግሞ ትርፍ ብዬ ጻፍኩት።

በ2022 የጎደለውን ግማሽ ዋጋ በፖስታ አድርጌ ሄድኩ። አኮ ቁጭ ብለው ቆጠሩት፣ በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። ማመስገን አላስፈለጋቸውም፤ ገንዘባቸው ነው። ከዚያ አጠገባቸው ያሉትን ጎጆዎች አንድ በአንድ እያሳዩኝ «የእነዚህንስ ማን ገዛ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የገዛነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሽታ ወይም ድርቅ ሲመጣ እንደ ቅን ሰው ዱቄትና ሳሙና እናዋጣለን፤ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን ልናደርገው የምንችል አለ። በየገበያችን በችግር ጊዜ ለሴት ከብትና ለሴት ፍየል ከዚህ ወርደን አንገዛም የምንለው ዋጋ እንስማማ። ድንበር ሲዘጋ ወተት የያዘች ሴትም ጭነት እንደያዘች ይቆጠርላት ብለን ከመኪናችን ጋር አብረን እንጠይቅ። ስለ በሽታው የሚነገረው በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ ጉድጓዱ ዘንድ ድረስ ይነገር። ግጦሽ ሲታጠር «ባዶ መሬት ነው» የሚል ሰው ስንሰማ የማን እንደሆነ የምናውቅ እኛ ዝም አንበል፤ የምንነግደው ከብት የበላው ያንን ሣር ነው።

እኔ ደብተሬን ወደ ኋላ እየገለጥኩ ነው። እስካሁን ሌሎች አራት ስሞች አግኝቻለሁ። የእናንተንም ገልጡት።