«ማፕ ማድረግ»

ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም (የዛሬውን ሴጅ 50) የሚጭን ባለሙያ «ድራይቩን ማፕ አድርጌዋለሁ» ሲል፣ ሰርቨሩ ላይ ላለው የጋራ ፎልደር በሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ላይ የፊደል ስም ሰጥቶታል ማለት ነው፤ «ፒ» እንበል። ፎልደሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ዳታው ወደ ማሽኗ የተገለበጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የኔትወርክ ገመዱ ሲነቀል ግን ይገባዋል።

ደግሞም ፊደሉ የማሽኑ ሳይሆን የተጠቃሚው ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ጣጣው ባሰ፦ በተራ መብት የተሰየመው «ፒ»፣ በአስተዳዳሪ መብት ለተከፈተ ፕሮግራም ላይታየው ይችላል። በዚህ መብት የተከፈተው አሮጌ ፒችትሪ ዳታውን ሲያጣው ቢሮው ይተራመሳል፣ ባክአፕ ፍለጋ ይሮጣል። ዳታው እኮ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል! መፍትሔው ፕሮግራሙን በተራው መብት መክፈት፣ ካልሆነም ፊደሉን በአስተዳዳሪው መብት እንደገና መስጠት ነው።