የቮልስ ፓራፋንጎ፤ ሳይቆረጥ በፊት ታሪኩን እንወቅ



በዚህ ዓመት ከሸኘናቸው አባቶች አንዱ ለልጆቻቸው አንዲት አሮጌ ቮልስ ትተው ነው ያረፉት። ከአርባው በኋላ ትንሹ ልጅ፣ «ፓራፋንጎዋን ቆርጠን እናስፋና ሰፊ ጎማ እናግባላት» ቢል፣ ታላቅ እህቱ «የአባቴ መኪና በመጋዝ አትነካም!» ብላ አለቀሰች። ወንድምና እህት ተኳረፉ። ነገሩም እኛ ሽማግሌዎች ዘንድ መጣ። መካኒክ ባንሆንም ጠያይቀን የደረስንበትን እነሆ።

እንደሚታወቀው ቮልስ የጀርመን ሥራ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ የወጣችው ከሜክሲኮ ፋብሪካ ነው። በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሌላ ሳይሆን በቮልስ ነበር።

ታዲያ ትንሽ መኪናን ማስፋት ከየት መጣ? ከእሽቅድምድም ነው። ሰፊ ጎማ መታጠፊያ ላይ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ሆኖም ከፓራፋንጎው ውጭ ከወጣ ጭቃና ጠጠር ወደ ሰው ይረጫል፣ ጫፉንም ይፈትጋል። በጣሊያን አገር አባርት የተባለው ድርጅት ፊያት 600ን፣ ማለትም የድሮዋን ሴይቼንቶ፣ ለውድድር ሲያዘጋጅ ፓራፋንጎዋን አሰፋ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1967 የባሃ በረሃ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ ቮልስን በፋይበር ግላስ ፓራፋንጎ ማስጌጥ ተስፋፋ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የሴይቼንቶ ፓራፋንጎ ከቦዲው ጋር የተበየደ ስለሆነ ለማስፋት መቁረጥ፣ ላሜራ መቀጥቀጥና መበየድ ግድ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። የቮልስ አራቱ ፓራፋንጎዎች ግን በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ በመካከሉም ቀጭን የጎማ ገመድ አለ። ቡሎኑ ይፈታል፣ አሮጌው ይነሳል፣ ሰፊው ይታሰራል። መጋዝ ምን ይሠራል?

ይህን ስንነግራቸው ሁለቱም ዝም አሉ። እኛ ግን ለልጁ ሌላም አልሸሸግነውም። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው ይበልጥ ይሸከማል፤ በእኛ ጉድጓዳም መንገድ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። መሪውም ይከብዳል። ፍሬኑ ሳይታይ ቸርኬ መለወጥ ሞትን መጥራት ነው፤ እኛ ደግሞ ድንኳን መትከል ሰልችቶናል። መኪናዋ ከሊብሬዋ ጋር መስማማቷንም ለዓመታዊ ምርመራ ሳትቀርብ በፊት መጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ ልጁ ሰፊውን ሊያስገጥም፣ የአባትየውን አራት ፓራፋንጎዎች ግን እህቱ በጨርቅ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ልታስቀምጥ ተስማሙ። ሲፈልጉ በአንድ ቀን ይመልሷቸዋል።

ውድ አባላት፣ ከአባት የተረፈ ነገር መለወጡ አይደለም ክፋቱ፤ መመለሻውን መቁረጡ ነው እንጂ። ቤትም ሆነ መሬት ስንካፈል፣ ከመጋዙ በፊት ቡሎኑ የት እንዳለ እንፈልግ።